የቁልፉ ሰውዬ

ታናሽ እህቴ ፓሪስ ነው የምትኖረው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስልኬ በፎቶ ይጨናነቃል። ፈረንሳዮች በዓመት አንድ ቅዳሜና እሁድ የታሪካዊ ቦታዎቻቸውን በር ወለል አድርገው ይከፍታሉ። በእነሱ አቆጣጠር 1984 ላይ የጀመሩት ነው፤ በኋላ የቀረው አውሮፓም ተከተላቸው። የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ይከፈታል። እህቴ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው የምትደውለው። አባዬ ስልኩን ከእጄ ይቀበልና «እኔም እኮ ፈረንሳይ ነው ያደግኩት» ይላታል። በየዓመቱ ያቺኑ ቀልድ። እሱ ያደገው እንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው።

አምና «እናንተስ የት ሄዳችሁ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኮተቤ ካራ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ላሊበላ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አክሱምንም አይቻለሁ። በየቀኑ በታክሲ መስኮት የማየው የየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ግን አንድም ቀን አልረገጥኩም። አፈርኩ።

አምና ወዲያው ለመካስ ሞክሬ ነበር። ልጄንና አባዬን ይዤ አንዲት ትንሽ ሙዚየም ሄድን። ስሟን አልጠራም። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች «የቁልፉ ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል» አሉን። መቼ ይመለሳል? አያውቁም። ስልክ አለው? አለው፣ ግን ዝግ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን። አባዬ «ለቅሶ ከሆነማ ምን ይደረጋል» ብሎ ተነሳ። ተመለስን።

ስለዚህ ዘንድሮ ቁልፍ የማይፈልግ ቦታ መረጥኩ። ዋሻ ሚካኤል ጣራ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። አቀበቱ ቀላል አይደለም። መሬቱ ገና ክረምቱን አልጨረሰም፤ ጭቃው ጫማ ይይዛል። አደይ አበባው ግን ዳገቱን ሞልቶታል። አባዬ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከእኔ በፊት ደረሰ፤ ይህንን ለማንም አትንገሩብኝ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ጉድጓድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዐለቱ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው እንጂ መሬት ላይ የቆመ አይደለም። ከውስጥ ዓምዶች፣ የመስኮትና የበር ቅርጾች አሉ። ከላይ ሰማይ ነው። ወለሉ ላይ የክረምቱ ውሃ ተኝቷል። ልጄ «ጣራው የት ሄደ?» አለች። እዚያ ያገኘናቸው አንድ አባት ተደርምሶ ነው አሏት። አብርሃና አጽብሃ ያስፈለፈሉት ነው ብለውም ተረኩልን። በዚህ ትውፊት ከሄድን 4ኛው ክፍለ ዘመን ላይ እንገባለን። 12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያደርጉታል ሌሎች ደግሞ። እኔ በመካከላቸው አልገባም። 12ኛውም ቢሆን አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ከመታሰቧ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ከተማችን ትናንት የተወለደች እየመሰለን ነው የምንኖረው።

አባዬ አናጺ ነበር። ሽሮ ሜዳና ፈረንሳይ ውስጥ እሱ ያቆማቸው የጭቃ ቤቶች ዛሬም አሉ፤ የቀሩት ማለቴ ነው። ግድግዳው ላይ የመሣሪያ ምልክት አግኝቶ ጣቱን እያስገባ ቆየ። ጭረቶቹ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ናቸው። «ይሄ ሰውዬ ቀኝ እጁን ነው የተጠቀመው» አለ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱ ግን እርግጠኛ ነበር። ከዚያ «እኛ ቤት ስንሠራ እየጨመርን ነው፤ እነዚህ እየቀነሱ ነው የሠሩት» አለ። «አንድ ምስማር ብሳሳት ነቅዬ እደግመዋለሁ። እዚህ ከተሳሳትክ አለቀ።»

እሁድ እንጦጦ ነበር ተራው። ከሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ይዘን ወጣን። መኪናው እያቃሰተ ነው የሚወጣው። የማገዶ ሸክም ያዘሉ ሴቶች በተቃራኒው ይወርዳሉ፣ ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ። ባሕር ዛፉ እንግዲህ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው፣ ከአውስትራሊያ። የአካባቢው ደን ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ ንጉሡ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ዛፍ አዲስ አበባን ባለችበት አቆያት። አባዬ ይህን ለልጄ ሲነግራት ሴቶቹን እያየች «ታዲያ ለእነሱ መኪና ለምን አያመጡላቸውም?» አለች። መልስ አልነበረንም።

እንጦጦ ማርያም ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ እየወጣ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ከዚያ በፊት ነው እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አካባቢውን የወደዱትና አዲስ አበባ ያሉት። ብርዱን ቀምሼ እቴጌን ተረዳኋቸው። መስከረም ላይ ጋቢ ያስፈልጋል።

ሙዚየሙን ፈጠን ብለን አየን። ልጄ የነገሥታቱ ካባ ፊት ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ። እዚህ የቁልፉ ሰውዬ አለ! ቁልፎቹን በጣቱ እያሽከረከረ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ልቀፈው ምንም አልቀረኝም።

ቤተ መንግሥት ሲባል ሌላ ነገር የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል። ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን። እህቴ ከምትልክልኝ የወርቅ ጣራና የመስታወት ፎቶ ጋር ምንም አይገናኝም። አስጎብኚው ስለ ግብሩ፣ ስለ አዳራሹ ይነግረናል። አባዬ አይሰማም። ቀለሙ ልጥት ያለበት አንድ ጥግ አግኝቷል። ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ሊያስነካው ምንም አልቀረውም።

«የጤፍ ጭድ ነው» አለ።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። አስጎብኚውም ዝም ብሎ ያዳምጠው ጀመር። ጭቃ ዝም ብሎ አይመረግም። በጭድ ተለውሶ፣ እየተረገጠ፣ ውሃ እየተጨመረበት መሰንበት አለበት። ጭዱ ሲበሰብስና ጭቃው ሲሸት ነው ግድግዳ የሚይዘው። ችኩል ሰው የመረገው ግድግዳ በመጀመሪያው በጋ ይሰነጠቃል። ምርጊቱም በአንድ ጊዜ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛው፣ ከዚያ ልስኑ።

«ምኒልክ የሚሸት ቤት ውስጥ ነበር የሚኖሩት?» አለች ልጄ።

«ሲደርቅ አይሸትም፣ የኔ ልጅ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ አባዬ ጡረታ ላይ ነው። ሰፈሩ ብሎኬት ከሆነ ወዲህ ጭቃ የሚጠይቀው ሰው የለም። ያን ያህል ሲያወራ ከእናቴ ቀብር ወዲህ አልሰማሁትም።

ስንወጣ ወደ ኋላ ቀረ። ዞር ስል ከቁልፉ ሰውዬ ጋር ቆሞ ጣራውን በጣቱ እያሳየ ነው። ሣሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚቀይረው እየጠየቀ። ሰውዬው «ባለሙያ እየጠፋ ነው፣ አባባ» ሲለው ሰማሁት። አባዬ ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶ የለውም። ልጄ ከቦርሳዋ አወጣችለት። በቲኬታችን ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥሩን በትልልቁ ጻፈለት።

«መሰላል ላይ አልወጣም» አለው። «ግን ቆሜ አሳያለሁ።»

ማታ እህቴ ደወለች። ሁለት ሰዓት ተሰልፋ ገብታ ስለ አንድ ትልቅ ሻማ ማብሪያ ልትነግረን ፈልጋለች። አባዬ ስልኩን እንደተለመደው ተቀበላት፤ ስለ ፈረንሳይ ግን አልቀለደም። «ቶሎ ዝጊ፣ ሰው ሊደውልልኝ ይችላል» አላት።

ዛሬ ረቡዕ ነው። እስካሁን አልደወሉም። ቻርጀሩ ከአልጋው አጠገብ ተሰክቶ ነው የሚውለው።