ያደረ እንጀራና የደረቀ ዳቦ፦ ነገሩ ውሃው ላይ ነው

በርበሬው ጥሩ፣ ቅቤው በደንብ የተነጠረ፣ ቁሌቱም የበሰለ ሆኖ ፍርፍሩ ገንፎ የሚሆነው የስልሱን ልክ ስለምንስት ነው። ከቅመሙ በፊት እንጀራው ስንት ውሃ እንደያዘ ማወቅ ይበልጣል።

ትኩስ እንጀራ ከክብደቱ ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ እስኪሰበር ቢደርቅ የሚቀረው 130 ግራም ገደማ ነው። ድርቆሽ ያንን የሄደውን ውሃ ከስልሱ መልሶ ይጠጣል፣ ጣዕሙም አብሮት ይገባል። ትኩሱ ግን ጠግቧል፤ ስልሱን አይጠጣም፣ ውጭ ውጭውን ረጥቦ ይላሽቃል። ሁለት ቀን ያደረ እንጀራ ለፍርፍር ከዛሬው የሚሻለው ለዚህ ነው።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ላደረ ግን ገና ለስላሳ ለሆነ አንድ እንጀራ ግማሽ ኩባያ ስልስ፣ ከአንድ እንጀራ ለወጣ ድርቆሽ አንድ ሙሉ ኩባያ። ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ጤፉ ከስንዴ ወይም ከሌላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገረው እንጀራ ቶሎ ስለሚለሰልስ ከስልሱ ሩቡን ቀንሱለት።

አሁን ወደ ስልሱ። ለሁለት እንጀራ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አቁላሉ። ዘይቱ ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም። ከዚያ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ፤ ሥሩ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 10 ደቂቃ ያህል አብስሉ። ዘይቱ ከዳር ከዳር ሲወጣ በርበሬው በስሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው የጥሬ በርበሬ ጣዕም እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የተከተፈ ቲማቲምና ሦስት ሩብ ኩባያ ያህል የፈላ ውሃ ጨምሩና አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። ጨዉን ስትቀምሱ ትንሽ በዛ የሚል ይሁን፤ እንጀራው ሲገባ ይረግበዋል።

ቀጥሎ ያለው አንድ ደቂቃ ወሳኝ ነው። እሳቱን አጥፉ። የተቆራረሰውን እንጀራ ግማሹን ብቻ ጨምሩ፣ በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ አራት አምስት ጊዜ ገልብጡት። ቀሪውን ጨምራችሁ እንደዚያው አድርጉ። ክብ እየዞሩ ማማሰል የለም፤ የእንጀራውን ዓይን የሚጨፈልቀው እሱ ነው። አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከላይ ጣል አድርጉ (ለጾም ይቅር) ከድናችሁም ሁለት ደቂቃ ተዉት። ክዳኑ ሲነሳ ቁራሹ ቅርጹን እንደያዘ፣ መሀሉ ድረስ ቀልቶ መታየት አለበት። ደረቅ ካለ የፈላ ውሃ በማንኪያ ርጩበት። ከረጠበ ግን እሳት ላይ መልሶ ማማሰል ያባብሰዋል፤ መድኃኒቱ አንድ እፍኝ ድርቆሽ ነው። ስለዚህ ድርቆሽ ከቤት አይጥፋ።

ድርቆሽ ለማዘጋጀት እንጀራውን ሳይሻግት ቆራርጣችሁ በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ፀሐይ ላይ አስጡት። በክረምት ኦቨን በ100 ዲግሪ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ፣ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ሲሰብሩት ቀጭ ካላለ አልደረቀም፣ ዕቃ ውስጥም ይሻግታል። ሻጋታ የታየበትን እንጀራ ግን ቦታውን ቆርጦ ቀሪውን ማድረቅ አይሆንም። ዓይናማ ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ይገባል፤ ይጣል።

የተረፈ ወጥ ካለ ስልሱ ተሠርቶ አልቋል። ምስርና ሽሮ ግን ፍሪጅ አድረው ስለሚጠጥሩ መጀመሪያ በፈላ ውሃ አቅጥናችሁ እስኪፈላ አሙቁ። ሳይቀጥን እንጀራ ከገባበት ሥሩ ያራል፣ ላዩ ደረቅ ይቀራል። ጨው አትጨምሩ፤ ወጡ ጨርሶታል። የተረፈ ጥብስ ደግሞ በደቃቁ ተከትፎ ከእንጀራው በኋላ ይግባ፣ ከስልሱ ጋር ደግሞ ከተቀቀለ ይጠነክራል።

ዳቦ ሌላ ጠባይ አለው። የሚደርቀው ውሃው ስለሄደ ብቻ አይደለም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎም ይጠነክራል፣ ምክንያቱም ሲጋገር የለሰለሰው ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠጥራል። ፍሪጅ ይህን ያፋጥነዋል። ዳቦ ወይ ውጭ ይቀመጥ ወይ ተቆርጦ ፍሪዘር ይግባ። ያልተቆረጠ የደረቀ ዳቦ ላዩን በውሃ አርጥባችሁ በ180 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ብታሞቁት ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ተመልሶ ስለሚጠነክር ትኩሱን ብሉት።

ለዳቦ ፍርፍር 250 ግራም ያህል የደረቀ ፉርኖ ዳቦ በጉርሻ መጠን ቆርጣችሁ በደረቅ መጥበሻ ጠርዙ እስኪጠነክር አምስት ደቂቃ አገላብጡ። ስልሱ ሦስት ሩብ ኩባያ፣ ከእንጀራው ወፈር ያለ ይሁን። እዚህ አይከደንም፣ እንፋሎቱ ያጠነከራችሁትን ቅርፊት መልሶ ያለሰልሰዋል።

ያደረ ድፎ ዳቦ ግን ለፍርፍር አይባክን ባይ ነኝ። ጥቁር አዝሙድ ያለበትን ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጣችሁ፣ በሁለት እንቁላልና በግማሽ ኩባያ ወተት ውስጥ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ነክራችሁ፣ በትንሽ እሳት በቅቤ ጥበሱት። ስኳር ሳይሆን የሚጥሚጣ ቁንጥጫ ነው የሚስማማው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርና መሀሉ ጥሬ እንቁላል ይሆናል።

ሌላው ቀሪ ዳቦ ሁሉ ተፈጭቶ ፍርፋሪ ይሁን። ሁለት ኩባያ የተፈጨ ቅቅል ድንች፣ አንድ ኩባያ የተረፈ ምስር ወጥና ግማሽ ኩባያ የዳቦ ፍርፋሪ ጥሩ የጾም ምግብ ይወጣቸዋል። ምስሩ ውሃ ካለው መጀመሪያ ክፍት ድስት ላይ ይምጠጥ፤ ዘይት ውስጥ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቀላቅላችሁ 20 ደቂቃ ተዉት፣ ፍርፋሪው እርጥበቱን ይጠጣል። ከዚያ በእጅ ድብልብል አድርጋችሁ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ በደረቅ ፍርፋሪ ላይ አገላብጣችሁ በጋለ ዘይት በየጎኑ ሦስት ደቂቃ ጥበሱ። መጥበሻው ላይ ገና ሳይቀላ ማንኪያ አታስነኩት፤ ሲደርስ ራሱ ይላቀቃል።