አበባ ያለበት አሮጌ ስጋጃ ስመርጥ ቀድሜ ያየሁት ጀርባውን ነው

ለሳሎኔ አበባ የተሠራበት አሮጌ ስጋጃ ለመግዛት ስነሣ፣ ስለ ቀለም ከማሰቤ በፊት ወለሉን ለካሁ። ስጋጃው የሚይዘውን ቦታ በፕላስተር ከለልኩና ለጥቂት ቀናት እዚያው ላይ ስመላለስ ቆየሁ። የሶፋው የፊት እግሮች ከመስመሩ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ አለዚያ ስጋጃው ከዕቃው ጋር ሳይገናኝ ክፍሉ መሐል ብቻውን ይቀራል። የምግብ ጠረጴዛ ሥር የሚነጠፍ ከሆነ ደግሞ ወንበር ሲሳብ እግሩ ከስጋጃው እንዳይወርድ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል መትረፍ አለበት።

ልኩን ካወቅሁ በኋላ መምረጥ ጀመርኩ። ሻጭ የሚዘረጋው ፊቱን ነው፤ እኔ ግን ጥጉን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ አበባው ከጀርባም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል። ጀርባው በጨርቅ ከተለበጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሩን የያዘው ሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ሲያረጅ ደርቆ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ዘርፉንም አየዋለሁ። በእጅ በተሠራ ስጋጃ ዘርፉ የራሱ የድሩ ጫፍ ነው። ኋላ የተሰፋ ሆኖ ካገኘሁት ወይ ስጋጃው የማሽን ሥራ ነው፣ ወይ የቀድሞው ዘርፍ አልቆ ሌላ ተተክቶለታል።

ጀርባን ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ሳሩክ የሚባለው የኢራን ስጋጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ሳሩኮች በጽጌረዳማ ቀይ መደብ ላይ የተበተኑ የአበባ እቅፎች አሏቸው። አሜሪካ ሲደርሱ ቀለማቸው ለገዢው ስላልጣመ ብዙዎቹ በኬሚካል ታጥበው፣ መደባቸው በብሩሽ ጠቆር ያለ ቀይ ተቀባ። አንዱን ገልብጬ ሳየው ፊቱ የደረቀ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጀርባው ፈካ ያለ ሮዝ ነበር። ክሩን በጣቶቼ ከፈት ሳደርገው ጫፉ ጠቁሮ ሥሩ ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። ቆንጆ ስጋጃ ነበር፤ ግን የተቀባው ቀለም በመረገጥ ብዛት እየለቀቀ ስለሚሄድ ተውኩት።

በአንድ ቀለም ውስጥ በአግድም የሚታየው የመድመቅና የመፍዘዝ ልዩነት ግን ሌላ ነገር ነው። ሸማኔው ሲሠራ የነበረው ክር አልቆ በሌላ ጊዜ የተነከረ ሲቀጥል ይህ ይመጣል። እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ ግን ትልቁን ሰማያዊ መደብ ሕይወት የሚሰጠው እሱ ነው።

ልቤ ከወደደው ላይ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ፣ በተለይ በቀዩ በኩል፣ ጫን አደርጋለሁ፤ ጨርቁ ከቀላ ስጋጃው ሲታጠብ ቀለሙ ወደ ነጩ አበባ ይሄዳል። ከዚያ ቀስ ብዬ አጥፌ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። የመሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማ ድርና ማጉ በስብሷል፤ ይህ ደግሞ መጠገኛ የለውም ቢባል ይቀላል። ክሩ እኩል መሳሳቱ አያስፈራኝም። ብልም የሚወደው ጨለማና እግር የማይደርስበትን ቦታ ስለሆነ ጠርዙንና ጀርባውን በደንብ እፈትሻለሁ።

አበባውን የመረጥኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከርማን የሚባለው የኢራን ስጋጃ ፈዘዝ ባሉ ቀለሞች የተሠሩ እቅፎች ስላሉት ለጸጥተኛ መኝታ ቤት ይስማማል። በትንንሽ አበባና ቅጠል ጥቅጥቅ ያለው የሄራቲ ንድፍ ደግሞ ቆሻሻ ቶሎ ስለማያሳይ ሰው ለሚበዛበት መተላለፊያ ይመቻል። እኔን የማረከኝ ካውካሰስ ውስጥ ያለው የካራባክ አካባቢ ስጋጃ ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ የአውሮፓን ሥዕል የሚመስሉ ትልልቅ ጽጌረዳዎች። ሶፋዬና መጋረጃዬ ምንም ጌጥ ስለሌላቸው ትልቁን አበባ ሊሸከሙት ችለዋል። መጋረጃው ራሱ አበባ ቢኖረው ኖሮ ትንሽ አበባ ያለውን እመርጥ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ አበቦች አንድ ክፍል ውስጥ ይጋፋሉ።

ከመክፈሌ በፊት ቤት ወስጄ እንድሞክረው ለመንኩ፤ ለማንም የምመክረው ይህንን ነው። የሱፍ ክር ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ስለዚህ ያው ስጋጃ ከአንዱ ጫፍ ሲያዩት ደማቅ፣ ከሌላው ጫፍ ጠቆር ያለ ነው። ከበሩ ስገባ ጽጌረዳዎቹ ከመደቡ ጋር ተዋህደው አገኘኋቸው። አዙሬ ሳነጥፈው ቀዩ ወጣ። ጠዋት በፀሐይ፣ ማታ በአምፖል ደግሜ አየሁት፤ በአምፖሉ ብርሃን አረንጓዴው ቅጠል ወደ ቡኒ ስለሄደብኝ አምፖሉን በነጭ ብርሃን ቀየርኩት።

አሁን ከሥሩ እንዳይንሸራተት ስስ ፍራሽ አለው፤ ፀሐዩ አንዱን ወገን ብቻ እንዳያነጣውም በየጊዜው አዞረዋለሁ። በቫኪዩም ሳጸዳ ዘርፉ ላይ አላደርስም፤ የሚጎትተው የድሩን ጫፍ ነውና።