እነሱ ሳይመሽ፣ እኛ በእኩለ ሌሊት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2012 ነው። ባህሬን፣ ማናማ ውስጥ አንድ ሆቴል የክፍል ጽዳት እሠራ ነበር። ፎርሙላ ዋን የሚባለው የመኪና ውድድር ሊካሄድ ስለነበር ሆቴሉ ጢም ብሏል።

በ2011 ውድድሩ ቀርቶ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ እዚያው ማናማ ፐርል አደባባይ በመንግሥት ላይ ተቃውሞ ተነስቶ ሰው ሲሞት፣ አልጋ ወራሹ ራሱ ውድድሩ ይቅር አለ። እንግዳ ጠፋ፣ እኛም ያለ ደሞዝ እረፍት ውጡ ተባልን። ስለዚህ ዘንድሮ ይካሄዳል ሲባል እኔ ደስ ነው ያለኝ፤ አገር ቤት የሚላከው ብር ነበር የሚታየኝ።

ማናጀሩ ሰብስቦ አስጠነቀቀን። እንግዳ ስለ አገሩ ሁኔታ ከጠየቃችሁ «ሁሉም ሰላም ነው» በሉ። ከተማው ስለ አንድነት በሚያወራ የውድድሩ ማስታወቂያ ተሞልቷል፤ ሲመሽ ግን መንደሮቹ ውስጥ ጎማ ይቃጠላል፣ አስለቃሽ ጭሱ ሰርቪሳችን ውስጥ ድረስ ይገባል፣ የምናድርበት ካምፕ ደግሞ በዚያው መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ አንሶላ የምትቀይረውን ሴት ሳይቀር «ሰላም ነው በይ» ብሎ ማስጠናት ካስፈለገ ውድድሩ መካሄድ አልነበረበትም ባይ ነኝ። ይቅር የሚለውም ግን የኛን የቀረ ደሞዝ ማን እንደሚከፍል ይንገረኝ።

ረቡዕ ማታ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው የፎርስ ኢንዲያ ቡድን ሰዎች ውድድሩ ከሚካሄድበት ከሳኪር ሲመለሱ መንገድ ላይ መኪናቸው አጠገብ የቤንዚን ቦምብ ፈነዳ። የተጎዳ የለም። ሁለት የቡድኑ ሰዎች ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። አርብ ደግሞ ቡድኑ ሳይመሽ ሆቴል ለመግባት ብሎ ሁለተኛውን ልምምድ ተወው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰልፈኛ ሞቶ መገኘቱ ተሰማ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራ ስንከፋፈል አንዷ የጎንደር ልጅ (ዝም የምትል አይደለችም) እጇን አወጣች።

«እነዚያ ሳይመሽ ይግቡ ከተባለ፣ እኛ ለምንድን ነው ማታ በአምስት ሰዓት የምንወጣው?»

ማናጀሩ ሽፍታችሁ ነው አለ። እሷም እንግዲያው ማታ ሰርቪስ ላይ አልወጣም አለችው። ሁላችንም ጸጥ። ከዚያ ያልጠበቅነው ሰው፣ በአምስት ደቂቃ መዘግየት የሚጮህብን ህንዳዊው ሱፐርቫይዘር፣ ልጅቷ ልክ ናት አለ። ለካ እሱም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው፤ እኛን ፈርቶ ኖሯል ያልተናገረው።

ማናጀሩ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ሲመለስ የቀኑ ሽፍት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል፣ የማታው ደግሞ የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎለት ያድራል ተባለ። እሁድ ውድድሩን ጀርመናዊው ሾፌር ፌተል አሸነፈ፣ ሆቴሉም በማግስቱ ባዶ ሆነ።

ወር ሲደርስ ያደርንበት ኦቨርታይም አልታሰበም። የጎንደሯ ልጅ እንደገና ጠየቀች። ማናጀሩ «ተኝታችሁ ነበር እኮ» አላት።