«አየሁ» ያለ ሁሉ አላየም፦ ቴሌስኮፕ ይዞ አደባባይ ለሚወጣ

መንገድ ዳር ቴሌስኮፕ ተክሎ ለአላፊ አግዳሚው ጨረቃን ማሳየት ቀላል ይመስላል። ቱቦውን ማዞር፣ ሰው መጥራት፣ በቃ። ነገር ግን ከሰልፉ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ጎንበስ ብለው፣ ጥቁር ነገር ብቻ አይተው፣ ቀና ይሉና «በጣም ደስ ይላል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሄዳሉ። ከኋላቸው ሰው ቆሟል፤ ባለቴሌስኮፑም ደክሟል፤ «ምንም አልታየኝም» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ በሚበዛበት አገር ሰማይ የሚያሳይ ሰው ትልቁ ሥራው እያንዳንዱ ሰው በእርግጥ ማየቱን ማረጋገጥ ነው። የመስተዋቱ ስፋትና የሌንሱ ጥራት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ማረጋገጫው ጥያቄ ነው፤ መልሱን አስቀድሞ የማይናገር ጥያቄ። «የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ታያለህ» ካላችሁ ሁሉም «አዎ፣ አራት» ይላል። ይልቅ «ከትልቁ ክብ ግራና ቀኝ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ በአንዱ በኩል ስንት፣ በሌላው ስንት ናቸው?» በሉ። ያላየ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ ያኔ ትረዱታላችሁ። ቁጥሩ በየምሽቱ ይለያያል። ከአራቱ አንዷ የሆነችው አዮ ጁፒተርን የምትዞረው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከጀርባው የምትደበቅበት ወይም ፊቱ ላይ ሆና የማትለይበት ጊዜ አለ፤ ሦስት ብቻ የሚታዩበት ምሽት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ሰው ሳይመጣ እናንተ ቆጥራችሁ ያዙ። ለሳተርን «ቀለበቱና ኳሱ ተጣብቀዋል ወይስ በመሃላቸው ጥቁር ክፍተት አለ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ለጨረቃ ደግሞ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ቀጥ ያለ ይሁን ወይም የተቆራረጠ ጠይቁ።

ሰው የማያይበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከአራት አንዱ ነው። አንደኛ፣ ዐይኑን ከሌንሱ ጋር አጣብቆታል ወይም አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል። «ቀስ ብለው ይቅረቡ፤ ብርሃን ያለበት ክብ ሲታይዎ እዚያው ይቁሙ» ማለት ይበቃል። ሁለተኛ፣ አንዱን ዐይን ብቻ መጨፈን አይችልም። ብዙ አዋቂዎች አይችሉም፤ በመዳፉ ይሸፍነው። ሦስተኛ፣ ቱቦውን ይዞ ተደግፎበታል፤ ምስሉም ከእይታው ወጥቷል። «አይንኩ» ማለት አይሠራም፤ ጎንበስ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ከቴሌስኮፑ አጠገብ፣ ሳይነካው፣ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር አቁሙና እጁን እዚያ ላይ ያሳርፍ። ይህ ወንበር ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል።

አራተኛው መነጽር ነው። የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር ብቻ ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ ማጥሪያውን (ምስሉን የሚያጠራውን መዘውር) ለራሱ ዐይን ቢያስተካክል ይሻለዋል፤ አስቲግማቲዝም (የዐይን ቅርጽ መዛባት) ያለበት ግን መነጽሩን ያድርገው። ችግሩ፣ የትኩረት ርዝመቱ (ብርሃንን የሚሰበስብበት ርቀት) 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የዐይን ሌንስ ዐይን ከሌንሱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲቀርብ ይፈልጋል፤ በመነጽር ያ አይቻልም። 25 ሚሊ ሜትሩ ግን 17 ገደማ ስለሚሰጥ መነጽር ላደረገ ይመቻል። ማጥሪያውን ሰው እንዲያዞር ፍቀዱ። ቀጣዩ ሰው መልሶ ያስተካክለዋል፤ የሚጠፋው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ስለ ቴሌስኮፑ ብዙ አንልም፤ ለአደባባይ ግን ዶብሶኒያን የሚባለው ዓይነት ይሻላል፦ 150 ወይም 200 ሚሊ ሜትር መስተዋት፣ 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ የእንጨት መቆሚያ። ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቴሌስኮፕን ወደ እግረኛ መንገድ ያወጣውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ መቆሚያውንም ከኮምፔንሳቶና ከቴፍሎን የሠራው ማንም ሰው እቤቱ እንዲሠራው ብሎ ነው። በእኛ ሰማይ ሌላም ምክንያት አለ። ኢኳቶሪያል የሚባሉት፣ የሰማይን መዞር ተከትለው የሚዞሩት መቆሚያዎች የሚስተካከሉት በሰሜን ኮከብ ነው፤ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነች ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ከእንጦጦ ግርጌ ላሉ ሰፈሮች ተራራው ራሱ ሊጋርደው ይችላል።

ዶብሶኒያንም እዚህ የራሱ ጣጣ አለው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙም አያነሱትም። እነሱ ፕላኔት ዝቅ አለብን ብለው ያማርራሉ። እኛ ጋ ፕላኔቶች በመካከለኛው ሰማይ ሲያልፉ ከ55 ዲግሪ በላይ ናቸው፤ አንዳንዴም አናት ላይ ይሆናሉ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ መቆሚያውን ወደ ጎን ማዞር አስቸጋሪ ይሆናል፤ ምስሉ ያመልጣል፣ ተመልካቹም አንገቱ ይጣመማል። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ፕላኔቱ አናት ላይ ከመድረሱ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት፣ ወይም ካለፈ በኋላ፣ በ45 እና በ60 ዲግሪ መካከል ታገኙታላችሁ። ስቴላሪየም የተባለው ነጻ መተግበሪያ በስልክ ላይ ሰዓቱን ይነግራችኋል።

በዚሁ ምክንያት ለጨረቃም ግማሽ የሆነችበት ምሽት ለአደባባይ አይመቸንም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሽ ጨረቃ አናት አካባቢ ናት። ከተወለደች በ4ኛውና በ6ኛው ቀን መካከል ያለችው ትሻላለች። ጨለማ ሲይዝ ምዕራብ ላይ በተመቸ ከፍታ ትገኛለች፤ የ5 ቀኗ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ትቆያለች፤ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። በሙሉ ጨረቃ አትውጡ። ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ተራራና ጉድጓድ አይለይም፤ ተመልካቹም የሚያየው ነጭ ሰሃን ብቻ ነው።

በ5ኛውና በ6ኛው ቀን የጥላው ድንበር አጠገብ ሦስት ትልልቅ ጉድጓዶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ስማቸው ቴዎፍሎስ፣ ቄርሎስ እና ካትሪና ነው። ሁለቱ የእስክንድርያ ጳጳሳት፣ ሦስተኛዋ የእስክንድርያዋ ቅድስት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ያደጉ እናቶችና አባቶች ቄርሎስ የሚለውን ስም ጨረቃ ላይ ሲሰሙ ቆም ብለው እንደገና ማየት ይፈልጋሉ፤ ፍቀዱላቸው። የቴዎፍሎስ ስፋት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ በመኪና የሚኬደውን ያህል። መሃሉ ላይ ተራራ አለ፤ «መሃሉ ላይ ምን አለ?» የሚለውም የማረጋገጫ ጥያቄ ይሆናችኋል።

ሞተር የሌለው ቴሌስኮፕ ላይ ምስሉ ይሸሻል። በ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቴሌስኮፑ 48 ጊዜ ያጎላል፤ አንድ ነገር የእይታውን ክብ ለማቋረጥ ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በ10 ሚሊ ሜትሩ 120 ጊዜ ይጎላል፤ ያኔ 2 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፕላኔቱን መሃል ላይ አታስቀምጡት። በሚገባበት ጠርዝ በኩል አድርጉትና ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዎች እየተንሸራተተ ይለፍላቸው፤ ከየሁለቱ ሰው በኋላ እናንተ ገብታችሁ መልሱት። ለጨረቃ 25 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። ለጁፒተርና ለሳተርን ግን ወደ 120 ካልወጣችሁ ለጀማሪ ዐይን ትንሽ ነጥብ ናቸው። ወደ 300 ለማውጣት የሚገፋፋ ሰው አይጠፋም፤ አየሩ ሲናወጥ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጨምርም።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጨርሱ። በመጀመሪያ ማነጣጠሪያውን (ቱቦው ላይ ያለውን ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) በቀን ብርሃን አስተካክሉ፦ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የራቀ የስልክ ማማ ጫፍ በ25 ሚሊ ሜትሩ መሃል አድርጉ፣ ከዚያ የማነጣጠሪያውን ብሎኖች እያዞራችሁ ቀይ ነጥቡን እዚያው ጫፍ ላይ አምጡት። ባትሪውን አጥፉ፤ መለዋወጫም ያዙ። የብዙ ምሽት ፕሮግራም የሚበላሸው በዚህች ሳንቲም በምታክል ባትሪ ነው።

ቀጥሎ መስተዋቶቹን አሰልፉ። በኮብልስቶን መንገድ በታክሲ የተጓዘ ቱቦ መናጋቱ አይቀርም፤ ምስሉ ኮሜት መስሎ ጭራ ያወጣል። ቱቦውን አግድም አስተኙት፤ መፍቻ ቢወድቅ ዋናው መስተዋት ላይ እንዳያርፍ። መሃሉ የተበሳ ክዳን በሌንሱ ቦታ አድርጋችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ በትንሹ መስተዋት (ብርሃኑን ወደ ዐይን ሌንሱ በሚመልሰው) ሦስት ብሎኖች ዋናው መስተዋት ከነመያዣዎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋለኛው በኩል ባሉት ብሎኖች የቀዳዳችሁ ነጸብራቅ ዋናው መስተዋት መሃል ካለው ምልክት ጋር እስኪገጥም። ብሎን ሲታሰር በሩብ ዙር በሩብ ዙር ነው፤ መስተዋቱ እስኪጨነቅ የጠበቀ ብሎን ኮከቦችን ባለ ሦስት ማዕዘን ያደርጋል።

ሦስተኛው ማቀዝቀዝ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ ማታ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከቤት የወጣ ሞቃት መስተዋት በላዩ የሚነሣው አየር ምስሉን ያፈላዋል። ለ200 ሚሊ ሜትሩ 45 ደቂቃ ገደማ ስጡት፤ ግን ይቀዝቅዝ ብላችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክዳኑን ከፍታችሁ አትተዉት፤ ያልተሸፈነ መስተዋት ፀሐይን ካገኘ ያቃጥላል።

ቦታ ስትመርጡ ስለ ከተማ መብራት ብዙ አትጨነቁ። ጨረቃ፣ ጁፒተርና ሳተርን መብራት አያሸንፋቸውም፤ የሚያስቸግረው ተመልካቹ ዐይን ውስጥ በቀጥታ የሚገባ አምፖል ነው። ፖሉን ከጀርባችሁ አድርጉ። ኔቡላና ጋላክሲ (የጋዝ ደመናና የከዋክብት ስብስብ) ግን ለከተማ አይደሉም፤ የኦሪዮን ኔቡላ እንኳ እንደ ፎቶው ቀይና ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ ጭጋግ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ቅሬታ ብቻ ይተውለታል። ለጥበቃና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ በጨለማ የቆመ ወፍራም ቱቦ ከሩቅ ሌላ ነገር ይመስላል። የመጀመሪያውን እይታም ለእነሱ ስጡ። ቱቦውን ወደ ሕንፃ አታነጣጥሩ፤ ከኤምባሲና ከመንግሥት ተቋም አጠገብ አትቁሙ። አረንጓዴ ሌዘር አዲስ አበባ ውስጥ አትጠቀሙ፤ የቦሌ አውሮፕላኖች በከተማው ላይ ያልፋሉ። በእጅ መጠቆም ይበቃል።

ሰዎች በብዛት የሚጠይቁት ጨረቃ ላይ ያለው ባንዲራ ይታይ እንደሆነ ነው። አይታይም። 200 ሚሊ ሜትር መስተዋት ጨረቃ ላይ ሊለይ የሚችለው ትንሹ ነገር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነው። ስለ ርቀት ሲጠየቅ በኪሎ ሜትር ከመደርደር በብርሃን ጊዜ መናገር ይቀላል፦ ከጨረቃ 1.3 ሰከንድ፣ ከጁፒተር እንደየርቀቱ ከ33 እስከ 54 ደቂቃ። «አሁን ያዩት ብርሃን ከጁፒተር ሲነሣ እርስዎ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበሩ» ማለት ሰውን መልሶ ወደ ሌንሱ ያመጣዋል። ሳተርንን የሚያሳይ ሰው ቀለበቱ ለምን ቀጭን እንደሆነ ይጠየቃል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቀለበቱ በጎኑ ዞሮልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መከፈት ጀምሯል፤ እስከ 2024 ዓ.ም. ገደማ እየሰፋ ይሄዳል።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ጠንከር አድርገን እንበል። ነሐሴ 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ጅዳና መካ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ መንገድ ላይ ናቸው፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ሙሉውን፣ እኛ ከፊሉን እናያለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ ሲያልፍ እንደነበረው ያኔም ሰው ሁሉ ቴሌስኮፕ ፍለጋ ይመጣል። የፀሐይ ማጣሪያ የሚደረገው በቱቦው አፍ ላይ ነው፣ በዐይን ሌንሱ በኩል በፍጹም፤ እዚያ የሚጠመዱ ትንንሽ ጥቁር መስተዋቶች በሙቀት ይሰነጠቃሉ። ንፋስ ወይም ልጅ እንዳይነቅለው በፕላስተር ዙሪያውን እሰሩት፤ ማነጣጠሪያውንም ክደኑት። በወረቀት መነጽር ቴሌስኮፕ ውስጥ የሚያይ ሰው ዐይኑን ያጣል።

ስትጨርሱ የዐይን ሌንሶቹ ላይ ኩልና የሽፋሽፍት ቅባት ታገኛላችሁ። በደረቅ ጨርቅ አትፈግፍጉት፤ አቧራው ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በላስቲክ መንፊያ አቧራውን አርግፉ፣ ከዚያ ጥጥ በአልኮል አርጥባችሁ ከመሃል ወደ ዳር አንዴ ብቻ አሳልፉ፣ ጥጡን ጣሉና በሌላ ድገሙ። በብርድ ምሽት የተመልካቾች ትንፋሽ ሌንሱን ሲያጨልመው አትጥረጉ፤ ሁለተኛ ሌንስ ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁና ቀይሩት። ዋናው መስተዋት እርጥበት ከያዘ ክዳኑን ወዲያው አትዝጉ፤ ቤት ገብቶ አፉን ወደ ታች አዘንብሎ ከደረቀ በኋላ ይዘጋ።