ለክረምት ያስቀመጥኩት የቲማቲም ስልስ

ደሴ ክረምት ሲገባ ቲማቲም ይወደዳል። የሚገኘውም ቢሆን ውሃ የበዛበት ነው። በበጋ ግን የመስኖው ምርት ሲደርስ በየገበያው ይቆለላል፤ እንዳይበላሽ ተብሎም በርካሽ ይሸጣል። ስልሱን ያኔ ሠርቼ በጠርሙስ ላስቀምጥ ያልኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ተበላሸብኝ። እንደ ወትሮው ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሬ አበሰልኩ። ትኩሱን በጠርሙስ ሞልቼ ከደንኩና ጓዳ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ክዳን ተነፍቶ አገኘሁት። ስከፍተው ፍስስ ብሎ አረፋ ወጣው። ሳልቀምስ ሁሉንም ደፋሁት። የአንድ ቀን ሙሉ ድካሜ ነበርና አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ምክንያቱን ማጥናት ጀመርኩ። ቲማቲም አሲድ አለው፤ ግን ለብቻው የሚያስተማምን አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ደግሞ አሲዱ ይበልጥ ይደክማል። አየር የሌለበትና አሲዱ የደከመ ጠርሙስ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። መርዙ አይታይም፣ ላይሸትም ይችላል። በዚያ ላይ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ስልሱ የተሞላበት ጠርሙስ ተከድኖ ውሃ ውስጥ ሲቀቀል፣ ቆላ ካለው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት።

በየካቲት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገበያ ገባሁ። አንዲት እናት ክብ ክቡን ስመርጥ አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ለስልስ ከሆነ ሞላላውን ውሰጂ» አሉኝ። አንዱን በአውራ ጣታቸው ፈልቅቀው አሳዩኝ። ሥጋው ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ፣ ውሃው ከእጃቸው የማይንጠባጠብ። 10 ኪሎ ገዛሁ።

ቤት ስደርስ እያንዳንዱን ጫፉ ላይ በቢላ በመስቀል ምልክት ሰነጠቅሁና በፈላ ውሃ ነክሬ ላጥኩ። ፍሬውን አውጥቼ ሥጋውን በማጥለያ ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀመጥኩት። ይህቺ ግማሽ ሰዓት የማብሰያ ጊዜ ትቆጥባለች። ከዚያ በሰፊ ድስት ጣድኩት። አፉ የጠበበ ድስት እንፋሎቱን ስለሚይዝ ስልሱ ቶሎ አይወፍርም። መጨረሻ ላይ እሳቱን ቀንሶ አጠገቡ መቆም ነው፤ እየፈነጠቀ እጅ ያቃጥላል። መድረሱን የማውቀው በማማሰያው ነው። ታቹን ስጭረው የድስቱ ቂጥ ይታያል፤ ዱካው ወዲያው ካልተሸፈነ በቅቶታል።

በድስቱ የጨመርኩት ጨውና አንድ ቁንጣሪ የደረቀ ጦስኝ ብቻ ነው። ጦስኝ ረጅም እሳት ይችላል። በሶብላ ግን ይጠቁራል፣ መዓዛውም ይጠፋል።

አሲዱ እንዲጠነክር በየግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ አደረግሁ። የአገራችን ሎሚ ቢኮመጥጥም አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ አላመንኩትም። ስልሱን አንድ ጣት ያህል አጉድዬ ሞላሁ፤ ትልቅ ድስት ታች ጨርቅ አንጥፌ ደረደርኳቸው። ውሃው ክዳኑን ሸፍኖ ከፈላ በኋላ 50 ደቂቃ። ሃያው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ! ከሰል አያይዤ፣ ውሃው እንደገና ሲፈላ ከዜሮ ቆጠርኩ። መፍላቱ ከተቋረጠ ያለፈው ደቂቃ አይቆጠርም።

ከ10 ኪሎው ስድስት ጠርሙስ ወጣኝ።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ክዳኑ ወደ ውስጥ እንደሰረጎደ ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱን አሁን አቁላልቼ ስልሱን ጨመርኩበት፤ በደንብ ሲንተከተክ ከጓሮ የቀጠፍኩትን በሶብላ ጣል አድርጌ አወረድኩት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቤቱን የበሶብላ ሽታ ሞልቶታል። እናቴ ፓስታውን ቀምሳ «ቲማቲሙን ዛሬ ከየት አገኘሽው?» አለችኝ። ጓዳ ገብቼ የቀሩትን አምስቱን ጠርሙሶች አሳየኋት።