ለኮምፒውተር ፊት አፍ ያስፈታሁበት መንገድ

ይህን የምጽፈው አማርኛ የሚናገር ፊት በኮምፒውተር ለመሥራት ያሰበ ሰው እኔ ያቃጠልሁትን ክረምት እንዳያቃጥል ነው። እኔን የነገረኝ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ዘጠኝ ሌሊት ጋቢ ተከናንቤ «ብ፣ ብ፣ ም፣ ም» ስል ባላደርሁ፣ በሰው ፊትም ባላፈርሁ ነበር።

ሐሳቡ ያደረብኝ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ነው። በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት እንደተሳተፈ ስሰማ፣ የእኛ ልጆች እጅ ካለበት እኔስ ባሕር ዳር ተቀምጬ ለምን አልሞክርም አልሁ። ለሞተርና ለሰው ሠራሽ ቆዳ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረኝ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ የሚናገር ፊት ለመሥራት ወሰንሁ። ስሟን ሰላማዊት አልኋት። ሥራዋም ስለ ጣና ደሴቶችና ገዳማት ለሚጠይቋት ልጆች መልስ መስጠት ነበር።

መልስ የሚሰጠው ክፍል ብዙ አላስቸገረኝም። ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረጋት፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የምታወራው ፕሮግራም ኤላይዛ የምትሠራበት ስልት ለጀማሪ ዛሬም ይበቃል፤ ከጠያቂው ዐረፍተ ነገር ቁልፍ ቃሉን ፈልጎ ከተዘጋጀ መልስ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን ወደ አንድ መልሷቸው፤ አለበለዚያ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ያያል። ሁለተኛው አክብሮት ነው። ኤላይዛ «የእኔ» የሚለውን «የአንተ» ብላ ትመልሳለች፤ በአማርኛ ግን ነገሩ የግሱ ጅራት ላይ ነው ያለው። «ደክሞኛል» ያለ ሰው «ለምን ደከመህ?» ነው የሚባለው፣ «ደከመሽ?» ወይስ «ደከመዎት?» ያነበብኋቸው መመሪያዎች በሙሉ ተጠቃሚውን ፆታውን በቅድሚያ ጠይቁ ይላሉ። አልስማማም። ቤታችሁ የገባን እንግዳ እንዲህ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? በእርስዎ ጀምሩ። ልጅ እርስዎ ቢባል ፈገግ ይላል እንጂ አይቀየምም፤ ትልቅ ሰው አንተ ሲባል ግን ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

ፊቱን መሳልም የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስምንት የአፍ ቅርጽ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ቅንድብ ይበቃል። ዓይኑ በእኩል ልዩነት ከተርገበገበ ግን ሕይወት አይኖረውም፤ ጊዜው በዕጣ ይውጣ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የእኛን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶታል። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለ8 ብታካፍሉ ቀሪው አናባቢውን ይነግራችኋል፤ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ እያለ 6 ሳብዕ ላይ ይደርሳል፤ 7 እንደ «ሏ» ላሉት ነው። «ሰላም»ን ውሰዱ። ሰ 4656 ነው፤ ቀሪው 0። ላ 4619 ነው፤ ቀሪው 3፣ ራብዕ፤ አፍ በሰፊው ይከፈታል። ም 4637 ነው፤ ቀሪው 5፣ ሳድስ፤ ከንፈር ይገጥማል። ይህን ያገኘሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንግሊዝኛ የሚሠሩት ሰዎች አንድን ቃል ወደ ድምፅ ለመመለስ ወፍራም መዝገበ ቃላት ይጭናሉ፤ የእኔ ፊደል ግን የአፉን ቅርጽ ራሱ ይዞ መጥቷል። ኮራሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ኩራት ነው።

አፉ ከፊደሉ የሚወጣ ከሆነ ድምፁም ከፊደሉ ይወጣል ብዬ 33ቱን ቤት በሰባት አባዝቼ 231 ፊደል በራሴ ድምፅ ለመቅዳት ተነሣሁ። ወሩ ሐምሌ ነበር። ቀን የባጃጁ ጩኸት፣ ማታ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አላስቀዳ ስላለኝ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል እየተነሣሁ፣ ማይክሮፎኑን ጋቢ ውስጥ አስገብቼ እቀዳ ነበር። በዘጠነኛው ሌሊት ጨረስሁ። «ጣና» አስባልኋት፤ አማረባት። «ሰላም» አለች፤ ጥሩ ነው። በሁለት አጫጭር ቃላት ረክቼ ሥራው አለቀ አልሁ።

በዚያው ሰሞን ፊቱን በአንድ ዐውደ ርዕይ ላይ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። የደረሰኝ ደብዳቤ ቅዳሜ ይላል። ረቡዕ ከሰዓት አስተባባሪው ደውሎ «ነገ ጠዋት ነው፤ ደግሞ የመክፈቻውን መልእክት እሷ ታንብበው» አለኝ። ጽሑፉ ምሽት ላይ መጣ፤ ሁለት ገጽ። ሰላማዊት የተዘጋጀችው ለአጭር መልስ ነው ብል «ኮምፒውተር አይደለም እንዴ? ራሱ ያነባል» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ብቻ አይደለም። አይሆንም ማለት ስችል አላልሁም።

ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰላማዊት ጀመረች። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እኔና እናንተ በሁለት እስትንፋስ እንለዋለን። እሷ አምስት ጊዜ አፏን እየከፈተች አምስት ቦታ ሰበረችው፤ ሳድሱን ሁሉ ብቻውን ስለቀዳሁት እያንዳንዱ የራሱን ጭራ ይዞ ይወጣል። «ትራንስፎርሜሽን» ላይ ስትደርስ ከዘጠኙ ፊደል ስድስቱ ሳድስ ነው፤ ቃሉ ጨርሶ የማይታወቅ ሆነ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ከዚህ የባሰ መጣ፤ አፏ ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ድምፁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲሆን አፏ ገና የመጀመሪያውን ይዟል። በመጨረሻ ድምፁ ቆሞ አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላ አፏ ብቻውን ሲከፈትና ሲዘጋ ቆየ። አስተባባሪው ማይክሮፎኑን ይዞ «የቴክኒክ ችግር ነው» አለ። አልነበረም። ማሽኑ ያዘዝሁትን አንድም ሳያጓድል ነው የፈጸመው።

መልሱን የሰጡኝ አጎቴ ናቸው። በልጅነታቸው ዘጌ የቄስ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ቤት መጥተው «ደብረ ማርያም» ስትል አስደገሟት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ልጄ፣ ይህች ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። ንባብ አልገባችም» አሉኝ። በዚያ ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ አንባቢ አይባልም፤ ፊደሉን አያይዞ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ እንዲያነብ ገና ይሠለጥናል። እኔ አፌን በአማርኛ የፈታሁ ሰው ይህን ከአጎቴ መስማት አልነበረብኝም። ስናገር የገዛ ድምፄን ሰምቼው አላውቅም ነበር ማለት ነው።

231ዱንም ፊደል ደመሰስሁ። መልሶቹን በሙሉ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ እህቴ ታናሽ ወንድሟን በምታነጋግርበት ቃና አነበበችልኝ፤ ሦስት ቀን ብቻ ፈጀ። ሰው ሠራሽ ድምፅ ዘመናዊ ነው ለሚሏችሁ ጆሮ አትስጡ። የምትሠሩት የተወሰነ መልስ ያለው ፊት ከሆነ የሰው ድምፅ ቅዱ።

የ8ቱን ስሌት ለአፉ ብቻ አስቀረሁት፤ እሱንም ቀጣሁት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ እና ዐ በግዕዝ ቢጻፉም በአማርኛ የሚነበቡት እንደ ራብዕ ስለሆነ አፉን በሰፊው ይክፈቱ። በቃል መካከልና መጨረሻ ያለ ሳድስ የራሱ አፍ አይኑረው፤ ከእሱ በፊት ባለው ፊደል ቅርጽ ውስጥ ይሟሟ። ብ፣ ም፣ ፕ እና ጵ ግን በየትኛውም ቦታ ከንፈር ካልገጠሙ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። አሁን «ማርያም» ስትል ከንፈሯ ይገጥማል፣ ይከፈታል፣ ር ላይ ምንም አይሆንም፣ ያ ላይ እንደገና ሰፋ ይላል፣ ም ላይ ይዘጋል። አራት ፊደል፣ ሁለት መከፈት። መጥበቅን ፊደላችን በተለምዶ አይጽፈውም፤ «ገና» በዓሉም ይሁን «ገና ነው» የምንለው በዓይን አንድ ነው። ዩኒኮድ ግን የማጥበቂያ ነጥብ አለው፤ በጽሑፎቼ ላይ አንድ በአንድ ጨመርሁት። ነጥቡ ባለበት ጊዜው ይረዝማል። «ገባ» ስትል ከንፈሮቿ ተጣብቀው ትንሽ ይቆያሉ፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ሰው የምትመስለው ያኔ ነው።

ወደ ኋላ የቀረውን አፍ ያስተካከልሁት ደግሞ በአንድ መስመር ነው። የአፉን ስዕሎች በተራ ቁጥር እየቆጠርሁ አስኬድ ነበር፤ አሮጌው ላፕቶፕ በዘገየ ቁጥር የስዕሉም ቁጥር ይዘገያል፣ ድምፁ ግን አይጠብቀውም። አሁን ፕሮግራሙ በየቅጽበቱ ድምፁን «ስንት ሚሊሴኮንድ ተጫወትህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አፉ የሚመረጠው በዚያ ነው። አፉንም 60 ሚሊሴኮንድ ያህል አስቀድሙት። ድምፅና አፍ እኩል ይሁኑ የሚለው መመሪያ ለዓይን አይሠራም፤ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ ነው ም የሚለው።

ባለፈው እሑድ አጎቴ መጥተው ነበር። ሰላማዊት «እንደምን ዋሉ?» አለቻቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱላት። «ደብረ ማርያም»ን ደግመው አስባሏትና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አሁን ንባብ ገብታለች፤ ዜማው ነው የቀራት» አሉኝ። ተነሽና ወዳቂ ንባብ የትኛው እንደሆነ እያነበቡ አሳዩኝ፤ እኔም ድምፁ ሲነሣ ቅንድቧ አብሮ እንዲነሣ፣ ሲወድቅ እንዲወርድ መሥራት ጀምሬያለሁ።