የጥበቃው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ አባቴን ጉልበቱን አመመውና "ዛሬ አብረኸኝ ውጣ" አለኝ። ደነገጥኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የየጎፍ ተራራ ደን ሲጠብቅ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን የሚወርድ ሰው ነው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ሆኜ፣ በዚያ ላይ የጥበቃ ልጅ ሆኜ፣ ተራራው ላይ የወጣሁባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ።

12 ሰዓት ላይ ተነሳን። የያዘው ዱላ፣ ፊሽካ፣ በፌስታል ቆሎ እና አንድ የተጣጠፈ ደብተር ነው። ጠመንጃ የለውም። "ጠመንጃ ብይዝ ሰው ይሸሸኛል፤ ማን ያወራኛል?" ይላል።

የጎፍ ከከተማ ሲያዩት አንድ ወጥ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ሁለት ደን ነው። አንደኛው ሰው የተከለው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ነው፤ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮ ቆሟል። ሁለተኛው ከጥንት የተረፈው የሐበሻ ጽድና ወይራ ነው። አባቴ የመጀመሪያውን "የመንግሥት"፣ ሁለተኛውን "የአላህ" ይለዋል። ሁለቱንም እኩል ይጠብቃል። የሚቆጣው ግን በሁለተኛው ነው።

ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ድንገት ቆመ። እኔ ከወፍ በቀር የሰማሁት የለም።

"ምሳር ነው" አለኝ። "አብሽር፣ ደረቅ ነው የሚመታው።"

እርጥብ እንጨት ሲመታ ድምፁ ይታፈናል፤ ደረቅ ይጮሃል። እሱ እንደዚያ ነው የሚለየው። ጠጋ ስንል አንዲት እናት ሸክማቸውን እያሰሩ ነው። "እንዴት አደርክ አያ?" አሉት። ስለ ልጆቻቸው ጠየቀ፣ ስለ ገበያ አወሩ። እያወራ እጁ ሸክሙ ላይ ነው። አንድ እንጨት በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፤ ደረቅ። ሌላ ፋቅ አደረገ፤ ደረቅ። ከመሃል ሁለት ቀጫጭን የወይራ ቅርንጫፍ መዘዘ። ልጣጩ ሲነሳ ሥሩ እንደ ሎሚ አረንጓዴ ነው።

"ለቅል ማጠኛ ነው እኮ!" አሉ ሴትየዋ።

አንዱን መለሰላቸው፣ አንዱን ብብቱ ሥር ከተተ። በቃ። ሕጉ ስለ ቅል ማጠኛ የሚለው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስንርቅ ለምን እንደተዋቸው ጠየቅኩት። መልሱ ረጅም ነበር። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ የወሎ ተራሮች እየተከለሉ ችግኝ ተተከለባቸው። ሰው የሚሠራው ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት ነው። አያቴም ችግኝ ተሸክማለች። ነገር ግን ከብቱን የሚያሰማራበት ቦታ ሲከለል ሰው ማንም አላማከረውም። ስለዚህ በ1983 መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ ያ ሁሉ ዛፍ በምሳር ረገፈ። የተከለው እጅ ራሱ ነው የቆረጠው። "ያኔ ጥበቃ ጠፍቶ አይደለም" አለኝ አባቴ። "ዛፉ የኔ ነው የሚል ሰው ጠፍቶ ነው።" ደረቁን የሚለቅም ሰው እርጥቡ ሲቆረጥ ይነግረዋል። እኒያ እናት ስንት ጊዜ ነግረውታል!

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ሁሉም በእንጨት ነበር የሚያበስለው። በዚያን ጊዜ ማንንም እንዳልያዘ አውቃለሁ። ስለዚያ ወር ብዙ አያወራም፤ እኔም አልጠይቀውም።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጎብኚዎች መጡ። ስፒከርና ዳቦ የያዙ አምስት ተማሪዎች ናቸው። አባቴ ያን ደብተር አወጣ። ስንት ናችሁ? በየት ትወርዳላችሁ? የማን ስልክ ቻርጅ አለው? ቁጥር ጻፈ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተራራው ላይ እንዳይቆዩ ነገራቸው። አንዷ ልጅ በነጠላ ጫማ ነበር የመጣችው። ቁልቁለቱ ላይ የደረቀ የጽድ ቅጠል እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት ነግሮ ዱላውን ሰጣት። ጉልበቱን እያመመው! እኔ ተናደድኩ፤ ግን ዝም አልኩ።

አንዱ ልጅ ለጦጣ ዳቦ ሲወረውር ግን ጮኸበት። ዛሬ ዳቦ የቀመሰች ጦጣ ነገ ቦርሳ ትነጥቃለች፤ ከነገ ወዲያ የገበሬ ማሳ ትገባለች። ከዚያ ሰው ይገድላታል። ልጁ ሊስቅ ነበር፤ የአባቴን ፊት አይቶ ተወው።

"ጋሼ፣ ቡና ብናፈላስ?" አሉት ደግሞ። የካቲት ነው። ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። አባቴ ሳይመልስላቸው አንድ ድንጋይ አሳያቸው። ግማሹ ጥቁር ነው፤ ከዓመታት በፊት የነበረ እሳት ነው። በ2011 የስሜን ተራሮች ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እዚህ እሳት ከተነሳ በመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ደወል ይደወላል፣ ሰው እርጥብ ቅጠል ይዞ ይሮጣል። ያለን እሱ ነው። ልጆቹ ቡናውን ትተው ዳቦውን በሃይላንድ ውሃ በሉ። ባዶውን ሃይላንድ ቆጥሮ ነው ያስያዛቸው።

አባቴ አንድ የሚቀናበት ጓደኛ አለው። ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ነው፤ ደሴ ለጉዳይ ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል። እሱ ክላሽ አለው፣ ወፍራም ካፖርት አለው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለው። እኛ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲከራከሩ መስማት ነው! ጓደኛው የሚፈራው ሽፍታ አይደለም፤ የእረኛ ውሻ ነው። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ካለው ቀበሮዎቹ ይያዙና በመንጋ ያልቃሉ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የስካውት ሥራው ግማሹ "ውሻህን አስከትብ" እያሉ ቤት ለቤት መዞር ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ "አየህ፣ አንተም እንደኔ ወሬኛ ነህ" ይለዋል።

ስንመለስ እንደገና ቆመ። አሁን እኔም ሰማሁ። ድፍን፣ የታፈነ ድምፅ። እርጥብ ነው። አባቴ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰውዬው ምሳሩን ጥሎ ሮጠ። ሁለታችንም አልተከተልነውም። የእሱ ጉልበት፣ የእኔ ሆድ!

ዛፉ ወፍራም የሐበሻ ጽድ ነው። ሲሶው ተበልቷል። ከቁስሉ ቀይ ፍርፋሪ ወድቋል፤ ሽታው ራስ ያዞራል። አባቴ ውሃውን አፈር ላይ ደፍቶ ጭቃ ለወሰና በእጁ ለቀለቀው። በፌስታል ጠቀለለው፣ በገመድ አሰረው።

"ይድናል?" አልኩት።

"እንጃ።"

ምሳሩን ይዘን ወረድን። ማታ እቤት አገላብጬ አየሁት። ብረቱ ያረጀ ነው፤ ዛቢያው ግን አዲስ ነው። ወይራ ነው። የዛፉ መቁረጫ ራሱ ከዚያው ጫካ ነው የተቆረጠው።

እሑድ ጠዋት ሰውዬው በራሱ እግር መጣ። ኮምቦልቻ ትንሽ ናት፤ ምሳሩ የት እንዳለ ማወቅ አይከብድም። በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር ግባ አለችው፤ ገባ። ሁለተኛው እስኪጠጣ ድረስ ስለ ምሳር ማንም አላነሳም። ስለ በሽተኛ ሚስቱ አወራ። አባቴ አዳመጠ። (መሥሪያ ቤቱ ይህን ካነበበ፣ ያልኩት ሁሉ ሐሰት ነው።)

ሦስተኛው ሲቀዳ አባቴ ተነሳ። ምሳሩን ከአልጋ ሥር አወጣና ደፉ ላይ አስደግፎ በድንጋይ መታ መታ አደረገው። ብረቱ ወለቀ።

"ብረቱ ያንተ ነው" አለው። "ዛቢያው የጫካው ነው፤ እዚህ ይቀራል።"

ሰውዬው ብረቱን በፎጣ ጠቅልሎ ሄደ። ዛቢያውን አሁን አባቴ ከዘራ አድርጎታል፤ የድሮውን ዱላ ልጅቷ አልመለሰችለትም።